የባቡሩ ቁልፍ በማን እጅ ይደር?

ለአዲስ አበባ ከተማ ቀላል ባቡር ትራንዚት አገልግሎት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የባቡር መቆጣጠሪያ ሥርዓት ዕድሳትን ይመለከታል

ክቡራን የአገልግሎቱ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

በ2007 ዓ.ም. ማብቂያና በ2008 ዓ.ም. መባቻ ሁለት ከተሞች በሁለት ሳምንት ልዩነት አዲስ የቀላል ባቡር መስመር ከፈቱ። አንዷ የካናዳዋ ኤድመንተን ናት፤ የእሷ መስመር ጳጉሜ 1 ቀን ሥራ ጀመረ። ሁለተኛዋ አዲስ አበባ ናት፤ የሰሜን ደቡቡ መስመር መስከረም 9 ቀን፣ የምሥራቅ ምዕራቡ ደግሞ ጥቅምት 29 ቀን ተሳፋሪ መጫን ጀመሩ። የኤድመንተኑ መስመር ርዝመት 3.3 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ የእናንተው ከ31 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ኤድመንተን ከ1978 ጀምሮ ቀላል ባቡር ስታስኬድ የኖረች ከተማ ናት፤ እናንተ ደግሞ ከዜሮ ነው የተነሳችሁት። (ዓ.ም. ያላልኩበትን ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ያንብቡልኝ።)

እንግዲህ ያቺ ልምድም ገንዘብም ያላት ከተማ መስመሯን የከፈተችው ካሰበችው ጊዜ ከአንድ ዓመት በላይ ዘግይታ ነው። ከከፈተችም በኋላ ባቡሮቿ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር እያዘገሙ፣ በየ15 ደቂቃው አንድ እየሆኑ እንዲሄዱ ተገደደች። ሐዲዱ ደህና ነበር፤ ባቡሮቹም ደህና ነበሩ። ያልሠራው ባቡሮቹን የሚመራው የመቆጣጠሪያ ሥርዓት ነው። አራት ዓመት ከተጨቃጨቁ በኋላ፣ በ2019፣ ከተማዋ ሥርዓቱን ካቀረበላት ከታለስ ኩባንያ ጋር የነበራትን ውል አቋርጣ ሌላ አስገጠመች። ኩባንያው በበኩሉ ጥፋቱን አልተቀበለም።

ይህን የማነሳው የእናንተም ተራ እየደረሰ ስለሆነ ነው። ከመስመሩ ጋር አብሮ የተተከለ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ አሥር ዓመት አልፎታል። ሐዲድ ከተንከባከቡት ለልጅ ልጅ ይተርፋል፣ ድልድይም እንዲሁ። ኮምፒውተርና ሶፍትዌር ግን ሳይበላሽም ያረጃል፤ ዕቃው እየሠራ መለዋወጫው ከገበያ ይጠፋል፣ የሠራው ኩባንያ ይሸጣል፣ ጠባዩን የሚያውቁት ሰዎች ጡረታ ይወጣሉ። እኔ የምኖረው ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ነው፤ ዘመዶቼ አዲስ አበባ፣ አያት ሰፈር አሉ፤ የሁለቱንም ከተሞች ባቡር ተሳፍሬአለሁ። መሐንዲስ አይደለሁም። ጉዳዩን ሲከታተል የቆየ ተሳፋሪ የጻፈላችሁ አድርጋችሁ ውሰዱት።

«ባቡሩ ራሱ ቆሞ ስለ መቆጣጠሪያው ታወራለህ?» የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ሲጀመር 41 ባቡሮች ነበሩ፤ ከጊዜ በኋላ ከግማሽ የሚበልጡት በመለዋወጫና በጥገና እጦት እንደቆሙ ከመሥሪያ ቤታችሁ ጭምር ተነግሯል። የመጀመሪያው ሥራ እነሱን ማንሳት ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ግን ባቡሮቹን ያቆማቸው ምክንያት ምን እንደሆነ እንመልከት። ዕቃው እዚህ ሆኖ መለዋወጫውና ዕውቀቱ ሌላ ቦታ መቅረቱ ነው። መቆጣጠሪያውንም በዚያው መንገድ ከገዛችሁት በዚያው መንገድ ይቆማል። ተበላሽቶ ጋራዥ የቆመ ባቡር ደግሞ ራሱን ብቻ ነው የሚያቆመው፤ መቆጣጠሪያ ሲቆም ግን ደህናዎቹም አብረው ይቆማሉ።

ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ልውሰዳችሁ። የዚህች ከተማ ባቡር፣ ሙኒ የሚባለው፣ በመሀል ከተማው ጎዳና በማርኬት ስትሪት ሥር በዋሻ ይሄድና ከዋሻው ሲወጣ ከመኪና ጋር እየተጋፋ በየሰፈሩ ይበተናል። ዋሻው ውስጥ ባቡሮቹን የሚመራው ኮምፒውተር በየማለዳው ሥራ የሚጀምረው ከፍሎፒ ዲስክ እየተጫነለት ነው። ያውም ከትንሿ ዓይነት ሳይሆን ከአሮጌው፣ ስስና ተጣጣፊ ከሆነው ባለ 5 ከሩብ ኢንቹ። የዓለም ጋዜጦች ሁሉ ስቀውበታል። እኔም ስቄያለሁ። ነገር ግን ፍሎፒው ለዜና የሚመች ገጽታው እንጂ ዋናው በሽታ አይደለም።

ዋናው በሽታ ያለው ሐዲዱ መሀል ነው። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል የተዘረጋ ገመድ አለ፤ በየ25 ሜትሩ ይጠላለፋል። ባቡሩ ጥልፉን ባለፈ ቁጥር ይቆጥራል፤ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ላይ የተቀመጠ መንገደኛ የመብራት ምሰሶ እየቆጠረ የት እንደደረሰ እንደሚገምተው ማለት ነው። ባቡሩና ማዕከሉ የሚነጋገሩትም በዚሁ ገመድ ነው። ገመዱ በቀላሉ ይጎዳል፤ የሚያሳልፈው መረጃም በጣም ጥቂት ነው። በተሠራበት ዘመን ግን የሚደነቅ ነገር ነበር። በድሮው አሠራር ሐዲዱ በክፍል በክፍል ይሸነሸናል፤ አንዱ ክፍል ውስጥ ባቡር ካለ ሌላው ደጁ ላይ ይጠብቃል፤ ክፍሉ ረጅም ከሆነ ብዙ ቦታ በከንቱ ባዶ ይውላል። በዚህኛው ግን ባቡሩ ራሱ ያለበትን ይናገራል፤ ኮምፒውተሩም ከኋላ ለሚመጣው እስከ የት መጠጋት እንደሚችል በየቅጽበቱ ያሰላለታል። በአንድ ዋሻ ውስጥ ብዙ ባቡር ማሳለፍ የተቻለው በዚህ ነው።

ሥርዓቱ ሥራ የጀመረው በ1998 ነው። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ የሆነውን የከተማው ሰው እስከ ዛሬ የሚያስታውሰው «መቅለጥ» በሚል ስም ነው። አዲሱ መቆጣጠሪያና አዲስ የመስመር አደረጃጀት ባንድነት ተጀመሩ። ባቡሮች ዋሻ ውስጥ ተገተሩ፤ ሰው ከሥራው ቀረ፤ ሌላው ተስፋ ቆርጦ በእግሩ ሄደ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? ነገሩ የከንቲባውን ወንበር እስከመነቅነቅ ደረሰ፤ በ1999 ሕዝቡ በድምፁ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ እንደ አዲስ እንዲዋቀር ወሰነ። ከዚያ ወዲህ ሥርዓቱ ተስተካክሎ ለሩብ ምዕተ ዓመት አገልግሏል፤ ይህንን መካድ አይገባም። ሆኖም ሲተከል ዕድሜው ከ20 እስከ 25 ዓመት እንደሆነ ታውቆ ነበር። ቀኑ እየታወቀ ተተኪው ሳይዘጋጅ ጊዜው አለፈ። በጥቅምት 2024 የመሥሪያ ቤቱ ቦርድ ከሂታቺ ሬይል ጋር የ212 ሚሊዮን ዶላር ውል አጸደቀ። አዲሱ ሥርዓት በሽቦ አልባ ግንኙነት የሚሠራ ነው፤ ተገጥሞ እስኪያልቅ እስከ 2030ዎቹ ይዘልቃል። እስከዚያው ፍሎፒው በየማለዳው ይጫናል።

ከዚህ ውል ውስጥ ሁለት ነገር ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ።

የመጀመሪያው፣ ከተማዋ የገዛችው ዕቃና ገጠማ ብቻ አለመሆኑ ነው። የ20 ዓመት ድጋፍም አብሮ ተዋውላለች። ማን እንደሚጠግን፣ ማን እንደሚያሻሽል፣ ዋጋው ስንት እንደሆነ ቀድሞ የተጻፈው ገዢ የመደራደር አቅም ባለው ጊዜ ነው። ፊርማው ከደረቀ በኋላ ይህን የሚጠይቅ ገዢ ለማኝ ነው።

ሁለተኛው የኩባንያዎቹ ስም ነው። በ1998 የተተከለው ቴክኖሎጂ ሴልትራክ ይባላል። ጀርመን አገር ኤስኢኤል የሚባል ኩባንያ ጀመረው፤ ከዚያ የአልካቴል ሆነ፤ ከዚያ የታለስ፤ በግንቦት 2024 ደግሞ የታለስን የባቡር ክፍል ሂታቺ ጠቀለለው። አንድ ሥርዓት፣ አራት ጌታ። ኤድመንተን የተጣላችው ኩባንያና ሳን ፍራንሲስኮ ዛሬ የተዋዋለችው ኩባንያ ሐረጋቸው አንድ ነው። በእናንተም ደርሷል፦ ባቡሮቻችሁን ያመረተው የቻንግቹን ፋብሪካ የሲኤንአር ነበር፤ ሲኤንአር በሰኔ 2015 ከተፎካካሪው ጋር ተዋሕዶ ሲአርአርሲ ተባለ። የመጀመሪያው ተሳፋሪ ትኬት ሳይቆርጥ የአምራቹ ስም ተለውጦ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ «ታዋቂ ኩባንያ ነው፣ ነገም አለ» የሚል መተማመኛ ውል ውስጥ ቦታ የለውም። ነገ የሚኖረው ወረቀቱና የእናንተው ሰው ነው።

አሁን ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ልደታ እንመለስ። የሁለቱም መስመሮች ባቡሮች ከልደታ እስከ ስታዲየም በአንድ ሐዲድ ይሄዳሉ፤ ተግባረ ዕድ፣ ሜክሲኮ፣ ለገሃር የሁለቱም ጣቢያዎች ናቸው። ርዝመቱ ሦስት ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ የመላው አገልግሎት ጤና ግን እዚያ ላይ ነው የሚወሰነው። እያንዳንዱ መስመር በየ10 ደቂቃው አንድ ባቡር ቢያስኬድ በጋራው ሐዲድ ላይ በየ5 ደቂቃው አንድ ያልፋል። በየ6 ደቂቃው ቢሆን በየ3 ደቂቃው ይሆናል። እንግዲህ ከቃሊቲ የመጣውና ከአያት የመጣው ስታዲየም ላይ እኩል ቢደርሱ አንዱ ይቆማል፤ የቆመው ከኋላው ያለውን ያቆማል። መዘግየቱ ልደታ ላይ ከሌሎቹ ሁለት አቅጣጫዎች ከሚመጡት ጋር ይጋጫል። አያት ላይ አንዲት እናት በር ላይ ቆማ ልጇን ስላሳፈረች የጠፋው አንድ ደቂቃ አቡነ ጴጥሮስ ላይ ታክሲ ፍለጋ የወጣ ሰው ችግር ሆኖ ይደርሳል።

ሳን ፍራንሲስኮ የደረሰችበት ዋና ግንዛቤም ይኸው ነው። አሮጌው መቆጣጠሪያ የሚያየው ዋሻውን ብቻ ነው። ባቡሩ ከላይ ከመንገድ ሲመጣ ማንም አያየውም፤ ዋሻው አፍ ላይ ሲደርስ ብቻ ለኮምፒውተሩ ይመዘገባል። ምዝገባው እምቢ ካለ ባቡሩ በእጅ እየተነዳ ይገባል፤ ኮምፒውተሩም ለጥንቃቄ ሰፊ ቦታ ይተውለታል፤ ከኋላ ያለው ሁሉ ይንቀራፈፋል። በአዲሱ ውል ቁጥጥሩ ወደ ላይኛውም መንገድ ይዘረጋል። ባቡሮቹ መጋጠሚያው ላይ ከመድረሳቸው በፊት፣ ገና ሩቅ ሳሉ፣ ማን እንደሚቀድም ይወሰናል። ለእናንተም ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ይህ ይመስለኛል፤ አያትና ቃሊቲ ላይ የሚነሳው ባቡር ስታዲየም ላይ በስንት ሰዓት እንደሚደርስ ማዕከሉ ከመነሻው ጀምሮ እያወቀ እንዲያመቻቸው።

ኤድመንተንም የተሰናከለችው እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው። አዲሱ መስመሯ ከአሮጌው ጋር በአንድ ዋሻ ይሄዳል። አሮጌው በክፍል የተሸነሸነውን አሠራር ይከተል ነበር፤ አዲሱ ደግሞ ኮምፒውተሩ በየቅጽበቱ የሚያሰላውን። ሁለቱ በአንድ ሐዲድ ላይ ተግባብተው እንዲኖሩ ማድረግ በወረቀት ላይ ቀላል መስሎ ነበር። በዚያ ላይ መኪና የሚያቋርጥባቸው ቦታዎች መጡ፤ ሆስፒታል አጠገብ ባለ ትልቅ መገናኛ ላይ አሽከርካሪዎች መብራት ተዘግቶባቸው ደቂቃዎች ይቆሙ ነበር። አዲስ አበባ ላይ በአንድ ጊዜ ሁሉን ለመቀየር ገንዘብ ስለማይገኝ በክፍል በክፍል ትጀምሩ ይሆናል። ያኔ አሮጌውና አዲሱ በጋራው ሐዲድ ላይ የሚገናኙበትን ሁኔታ አቅራቢው በፊርማው ካላረጋገጠ አትቀበሉት። የመንገድ መብራቱን የሚያስተዳድረው ክፍልም ከመጀመሪያው ስብሰባ ጀምሮ ይቀመጥ። ከተማው መንገዱን እያፈረሰ እየሠራ ባለበት በአሁኑ ወቅት ይህን ማያያዝ ይቀላል፤ አስፋልቱ ከለበሰ በኋላ ገመድ ለመቅበር እንደገና መቆፈር የለመድነው ጉድ ነው።

እዚህ ላይ አንዳንድ ባለሙያ የማይስማማበትን ልናገር። በዓለም ላይ ካለው ሁሉ ውድ የሆነውን ሥርዓት በሁሉም ኪሎ ሜትር ላይ መግዛት አለባችሁ ብዬ አላምንም። ሜልቦርንና ዙሪክ ያሉ የከተማ ባቡሮች በአብዛኛው የሚነዱት አሽከርካሪው ፊቱን እያየ ነው፤ በዚያ አሠራር ብዙ ሕዝብ ያመላልሳሉ። ከመሪ ወዲያ ወደ አያት ባለው ቀጥ ያለ መንገድ ላይ በየ10 ደቂቃው ለሚያልፍ ባቡር በየቅጽበቱ የሚያሰላ ኮምፒውተር ቅንጦት ነው። ለጋራው ሐዲድ፣ ለመጋጠሚያዎቹ፣ ለምድር ውስጡ ክፍልና ለመኪና ማቋረጫዎቹ ግን ጥብቅ ጥበቃ ያስፈልጋል። ጥበቃውም አሽከርካሪው ራሱን ቢስት እንኳ ባቡሩን የሚያቆም መሆን አለበት። በሐምሌ 2009 ሳን ፍራንሲስኮ፣ ዌስት ፖርታል ጣቢያ፣ አንድ ባቡር የቆመውን ከኋላው ገጭቶ ከ40 በላይ ሰዎች ተጎድተዋል፤ አሽከርካሪው ከጣቢያው ሊደርስ ሲል ከአውቶማቲክ ወደ እጅ ቀይሮት ነበር። ጥበቃ በአንድ ቁልፍ የሚጠፋ ከሆነ አንድ ቀን ይጠፋል።

ስለ መብራትም ሳልናገር አላልፍም። በሐምሌ 2014 ቫንኩቨር ውስጥ አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ መቆጣጠሪያ ማዕከሉ ውስጥ ለአዲስ መስመር ዕቃ ሲገጥም ዋናው ብሬከር ወረደ። ያ ሁሉ ያለ አሽከርካሪ የሚሄድ ባቡር ለሰዓታት ደረቀ፤ ተሳፋሪዎች በር ፈልቅቀው ከፍ ባለው ሐዲድ ላይ በእግራቸው ሄዱ። ያ የሆነው መብራት ብዙም በማይጠፋበት አገር ነው። የእኛን መብራት እናንተ ታውቁታላችሁ። የመቆጣጠሪያው ኃይል ከባቡሩ ኃይል የተለየ፣ ተጠባባቂውም በወሬ ሳይሆን በየወሩ ሆን ተብሎ ዋናው እየተቋረጠ የሚሞከር ይሁን።

በርዕሴ ወደ ጠቀስኩት ቁልፍ ልመለስ፤ ደብዳቤውን ያጻፈኝ እሱ ነው።

በታኅሣሥ 2023 ፖላንድ ውስጥ ድራገን ሴክተር የሚባል ቡድን አባላት የሆኑ ሦስት የኮምፒውተር ባለሙያዎች አንድ ግኝት ይፋ አደረጉ። የታችኛው ሳይሌዥያ የባቡር ድርጅት ያስኬዳቸው የነበሩ፣ ኔቫግ የተባለው ኩባንያ የሠራቸው ባቡሮች፣ ሌላ ጋራዥ ገብተው በወጉ ከተጠገኑ በኋላ አልነሳ ብለው ነበር። ባለሙያዎቹ ሶፍትዌሩን ሲበረብሩ ባቡሩ በተፎካካሪ ጋራዥ ግቢ ውስጥ ለቀናት ከቆመ እንዲቆለፍ የሚያደርግ ትእዛዝ አገኘን አሉ። ኔቫግ ክሱን ይክዳል፤ ጉዳዩም ፍርድ ቤት ደርሷል። እውነቱን ፍርድ ቤት ያውጣው። ለእኛ የሚበቃን ግን የባቡሩ ባለቤት ራሱ ባቡሩ ለምን እንዳልተነሳ የሚያውቅበት መንገድ አለማግኘቱ ነው። ገዝቶታል፤ ከፍሎበታል፤ ምን እንዳሰበ ለማወቅ ግን የጠገነው ጋራዥ ሰው ቀጥሮ ማስበርበር ነበረበት።

ስለዚህ የጨረታ ሰነዱ ሲጻፍ «ሥርዓቱ ተገጥሞ፣ ተፈትሾ፣ ርክክብ ይደረጋል» የሚለው የተለመደ ዓረፍተ ነገር አይብቃችሁ። የሽቦው ንድፍ፣ የእያንዳንዱ ሳጥን መመሪያ፣ የሶፍትዌሩ የይለፍ ቃላት፣ የመስመሩ መረጃ የሚስተካከልበት መሣሪያ ሁሉ በእናንተ እጅ ይግባ። ይህ ሁሉ ባለሙያዎቻችሁ በሚሠሩበት ቋንቋ ይጻፍ። የሶፍትዌሩ ምንጭ ገለልተኛ ሦስተኛ ወገን ዘንድ በአደራ ይቀመጥና ኩባንያው ቢከስር፣ ቢሸጥ ወይም ድጋፉን ቢያቋርጥ ይለቀቅላችሁ። አንድ ጣቢያ ሲዛወር፣ አንድ የሐዲድ መቀየሪያ ሲጨመር ከውጭ ሰው እስኪመጣ የሚጠበቅ ከሆነ ዕቃው የእናንተ አይደለም። አቅራቢው «ይህማ የንግድ ምሥጢራችን ነው» ይላችኋል፤ ሁልጊዜም ይላል። የደኅንነቱን ቀመር ምሥጢር ማድረግ መብቱ ሊሆን ይችላል። የእናንተን ሐዲድ ካርታ ግን ምሥጢር ሊያደርግባችሁ አይችልም።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ሲገዛ ያለ መመሪያ፣ ያለ ሠለጠነ መካኒክ፣ ያለ መለዋወጫ ስምምነት አይገዛም። ደብረ ዘይት መንገድ ላይ የሚያልፍ ባቡር ከዚያ ያነሰ ነገር ይገባዋል የሚል ሕግ የለም። ባቡር ራሱም ለአገሩ እንግዳ አይደለም። የጅቡቲው ምድር ባቡር በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ ያንን መስመር ያቆዩት የድሬዳዋው ወርክሾፕ ሰዎች ናቸው። ፈረንሳይኛ ከመካኒክነት ጋር አንድ ላይ ተምረው ሎኮሞቲቩን ፈትተው ይገጥሙ ነበር። እናንተ ደግሞ መስመሩን ከሼንዘን ሜትሮ ጋር 41 ወር አብራችሁ ሠርታችሁበታል፤ በዚያ ጊዜ ከቻይናዎቹ ጎን የቆሙ ወጣት መሐንዲሶች ዛሬ የት ናቸው? ጥያቄው ወቀሳ አይደለም። የደመወዝ እርከኑ የማያስቀር ከሆነ የሠለጠነው ሰው ሄዶ ለአቅራቢው ወይም ለውጭ አገር መሥራቱ አይቀርም፤ እዚህ እኔ በምኖርበት አካባቢም አዲስ አበባ የተማሩ ጥሩ ጥሩ መሐንዲሶች አሉ። ከዕድሳቱ በጀት ጥቂት እጁ ለሰው ማቆያ ይመደብ ብል፣ የገንዘብ ሚኒስቴር ሰው ይስቅብኛል፤ ይሁን ይሳቅ። ሳን ፍራንሲስኮ ለ20 ዓመት ድጋፍ የምትከፍለውም ሌላ ነገር አይደለም፣ ለሚያውቅ ሰው ነው።

ጨረታ የማይጠብቅም ሥራ አለ። ለደኅንነት የሚሠራ መቆጣጠሪያና ለተሳፋሪ የሚነገር መረጃ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያውን ማንም ሰው በቀልድ አይነካውም፤ እያንዳንዱ መስመር ኮድ ይፈተሻል፣ ይፈረምበታል። ሁለተኛው ግን ባቡሩ ላይ በተቀመጠ ጂፒኤስና በአንድ ስልክ ሲም ይሠራል። ቀጣዩ ባቡር መገናኛ በስንት ደቂቃ ይደርሳል የሚለውን በጣቢያው ሰሌዳና በስልክ ማሳየት አዲስ አበባ ውስጥ ያሉ ወጣት የሶፍትዌር ሰዎች በወራት የሚጨርሱት ነው። ተሳፋሪው 25 ደቂቃ እንደሚጠብቅ ካወቀ ታክሲ ሰልፍ ይይዛል፣ ወይም ሱቅ ገብቶ ይወጣል፤ ካላወቀ ግን ጣቢያው ላይ ቆሞ እናንተን ያማል። ለእናንተም መረጃው ራሱ ሀብት ነው። ባቡሮቹ የት የት እንደሚዘገዩ የአንድ ዓመት መዝገብ ይዞ ጨረታ የሚያወጣ ገዢና «አቅራቢው ያጥናልን» የሚል ገዢ እኩል ዋጋ አይነገራቸውም።

ሥርዓቱ ሲቀየርም የምረቃ ቀን አትቁረጡለት። የ1998ቱ የሳን ፍራንሲስኮ ጥፋት አዲሱን ነገር ሁሉ ባንድ ሰሞን መጀመሩ ነበር። አዲሱ ከአሮጌው ጎን ለወራት በሌሊት ይሞከር፤ መጀመሪያ ተሳፋሪ በሌለበት፣ ከዚያ በእሑድ፣ ከዚያ በአንድ ጫፍ ላይ። የጋራው ሐዲድ መጨረሻ ላይ ይምጣ። ሪባን የሚቆርጥ ባለሥልጣን ቀን ሲጠይቃችሁ ቀኑን የሚወስነው የሙከራው ውጤት እንደሆነ የምትነግሩበት ድፍረት እንዲኖራችሁ ውሉ ውስጥ ይጻፍላችሁ፤ በቃል ብቻ ከባድ እንደሆነ ይገባኛል።

የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ማንኛውም ድርድር ከመጀመሩ በፊት አሁን በእጃችሁ ያለውን በይፋ አውጡ። የትኛው የመቆጣጠሪያ ክፍል ይሠራል፣ የትኛው አይሠራም? የትኛው ሰነድና የይለፍ ቃል ከመጀመሪያው ውል ተረክባችኋል፣ የትኛውን አልተረከባችሁም? መለዋወጫው ዛሬም የሚመረት የቱ ነው? ሥርዓቱን ያለ ውጭ ዕርዳታ መጠገን የሚችሉ ስንት ባለሙያዎች አሏችሁ? የደኅንነት ምሥጢር የሆነው ይቅር፤ የቀረው በድረ ገጻችሁም ይሁን በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ። የኢንጂነሪንግ ትምህርት ቤቶቻችን መምህራንና በየአገሩ በባቡር ሥራ ላይ ያሉ ወገኖች ያንን ዝርዝር ካገኙ የጨረታ ሰነዱን ረቂቅ በነፃ የሚያነቡላችሁ ሞልተዋል። ከኤድመንተን ጀምሮ።

መልሳችሁን በአዲስ አበባ ጋዜጦች ላይ እጠብቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ ተሳፋሪ፣ ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ

ግልባጭ፦
ለአዲስ አበባ ከተማ ትራንስፖርት ቢሮ
ለኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን
በየጣቢያው ለሚጠብቁ ተሳፋሪዎች